የመንገደኛ ማኅደር፦ በኬዳርናት ተራራ ደጃፍ



በዚህ ዐምድ ዘወትር የምናነሣው የራሳችንን የመሳለሚያ መንገዶች ነው። በዛሬው ዕትም ከልማዳችን ወጣ ብለን የሌላ ሕዝብ ተሳላሚዎች ስለሚወጡበት ተራራ እንናገራለን፤ ይኸውም በሰሜን ህንድ፣ በሂማላያ ተራሮች መካከል የሚገኘው ኬዳርናት ነው። ምክንያቱን ልግለጽ። በዐረብ አገሮች በሥራ የሚኖሩ፣ ለትንሣኤና ለልደት ወደዚህ ቅዱስ ስፍራ የሚመጡ ልጆቻችን ከህንድና ከኔፓል ሰዎች ጋር በአንድ ወጥ ቤት ይሠራሉ፣ በአንድ ክፍል ያድራሉ። ከዚያም ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። ባለፈው ዐቢይ ጾም አንዲት እኅት፣ «አባቴ፣ አብራኝ የምትሠራ ህንዳዊት የሦስት ዓመት ጥሪቷን አሟጥጣ እናቷን ኬዳርናት ወደሚባል ተራራ ወሰደች። ስትመለስ ከዚያ ያመጣችውን ጣፋጭ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። ልብላው ወይስ ልመልሰው? ለመሆኑስ እዚያ ላይ ምን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው የእርሷ ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅ፣ ተራራውንም በወጣትነቴ በዓይኔ ስላየሁት፣ መልሱን ለሁላችሁ ማካፈል መልካም መስሎ ታየኝ።

አስቀድሞ ስለ አንድ ቃል። በመጻሕፍቶቻችን እንዲህ ያለው ቤት «ቤተ ጣዖት» ተብሎ ይጠራል። ስሙን ከመጻሕፍቱ ለመፋቅ ሥልጣንም ፈቃድም የለኝም። ነገር ግን ከጎረቤቱ ጋር ስለ እምነት ሊነጋገር የሚወድ ሰው በዚህ ቃል ከጀመረ ንግግሩ እዚያው ያልቃል። ስለዚህ እዚህ ላይ «የአምልኮ ቤት» እያልሁ እጽፋለሁ።

ኬዳርናት በኡታራካንድ ግዛት ከባሕር ወለል በላይ 3,583 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከማንዳኪኒ ወንዝ መነሻ አጠገብ ይገኛል። የሲና ተራራን የወጣችሁ ምእመናን በዚህ ልትመዝኑት ትችላላችሁ፦ የሲና ጫፍ 2,285 ሜትር ነው፤ የኬዳርናት የአምልኮ ቤት ከዚያ ጫፍ ከ1,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በሸለቆ ውስጥ ተቀምጧል። አዎን፣ በሸለቆ ውስጥ ነው። ከኋላው በበረዶ የተሸፈነው የኬዳርናት ተራራ እስከ 6,940 ሜትር ይወጣልና፣ እዚያ የቆመ ሰው ከፍታ ላይ መሆኑን የሚያውቀው ከሚያየው ይልቅ ከትንፋሹ ማጠር ነው። ሂንዱዎች ሺቫ ብለው ለሚጠሩት አምላካቸው ከተለዩ ዐሥራ ሁለት ታላላቅ ስፍራዎች አንዱ አድርገው ያከብሩታል። በዚሁ አውራጃ ከሚገኙት ከያሙኖትሪ፣ ከጋንጎትሪና ከባድሪናት ጋርም በአንድ የመሳለሚያ ዑደት ይቈጠራል።

እኔ የሄድሁት በደቡብ ህንድ በኬረላ፣ በቶማስ ክርስቲያኖች ዘንድ ለትምህርት በነበርሁበት ዘመን ነው፤ ያን ጊዜ ዲያቆን ነበርሁ። በመስከረም መጨረሻ፣ ዝናሙ ሲያባራ፣ ሁለት የሰሜን አገር ተማሪዎች ወደ ዘመዶቻቸው ሲሄዱ አብሬ ተጓዝሁ። ከኬረላ እስከ ዴልሂ ባቡሩ ሁለት ቀን ከሌሊት ያህል ይፈጃል። ከዚያ በሃሪድዋርና በሪሺኬሽ በኩል አውቶቡሱ የወንዙን ገደል ይዞ ይወጣል። በዴቭፕራያግ አላክናንዳና ባጊራቲ የተባሉት ሁለት ወንዞች ሲገናኙ፣ አንዱ ጠርቶ ሌላው ደፍርሶ፣ ከቶ ሳይቀላቀሉ ጥቂት ጎን ለጎን ሲወርዱ ይታያል፤ ጋንጋ የሚለው ስም የሚጀምረው ከዚህ ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ተራራው በየጊዜው ስለሚናድ መኪናዎች ቆመው ድንጋይ እስኪጠረግ ይጠብቃሉ። አብረውኝ የተሳፈሩት ሰዎች በዚያ መዘግየት ሲበሳጩ አላየሁም፤ ከየከረጢታቸው ምግብ አውጥተው ለማያውቁት ሁሉ ያካፍሉ ነበር።

መኪና የሚያበቃው በጋውሪኩንድ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የእግር መንገድ ነው፤ ቀድሞ 14 ኪሎ ሜትር ነበረ፣ ዛሬ ከ16 በላይ ሆኗል፤ ለምን እንደ ረዘመ በኋላ እነግራችኋለሁ። ጋውሪኩንድ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስላለ በአንድ ቀን 1,600 ሜትር ያህል መውጣት ነው። የኬዳርናት አየር በባሕር ዳር ካለው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከሜዳ አገር የመጡ ሰዎች ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይይዛቸዋል፤ ቸኩለው የሚወጡ ልበ ደካሞችና አረጋውያንም በየዓመቱ በመንገዱ ላይ ይሞታሉ። በደጋ ላደገ ኢትዮጵያዊ ነገሩ ያን ያህል አይከብድም። ይሁን እንጂ ከዓመታት የባሕር ዳር ኑሮ በኋላ ያ ጥቅም አብሮ አይቆይም።

በዚያ መንገድ ያየሁትን ሕዝብ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ዝናም ቢመጣ ብለው ቀጭን የላስቲክ ካባ የደረቡ፣ የቀርከሃ ምርኩዝ የያዙ፣ በባዶ እግራቸው የሚሄዱ አሮጊቶች፤ ሕፃን ያቀፉ አባቶች፤ በጨርቅ ጫማ የሚንሸራተቱ ወጣቶች። ሰው ከሰው ሲተላለፍ «ጄይ ኬዳር» እያለ ይበረታታል። መራመድ ያቃታቸውን አራት ሰዎች በቃሬዛ ይሸከሟቸዋል። ከዚያ ርካሽ የሆነውም በአንድ ሰው ጀርባ ላይ በታሰረ ቅርጫት መቀመጥ ነው፤ ተሸካሚው ገመዱን በግንባሩ ይዞ፣ አጎንብሶ፣ በቅርጫቱ ውስጥ ፊቷን ወደ ኋላ ያዞረች አንዲት አረጋዊት ይዞ ይወጣል። ከተሸካሚዎቹ ብዙዎቹ ከኔፓል የመጡ ድኾች ናቸው። አንዱን በሻይ ቤት አግኝቼ አነጋገርሁት፤ በወቅቱ ስንት ጊዜ እንደ ወጣ ቁጥሩን ረስቶታል። ወደ አምልኮው ቤት ገብቶ ያውቅ እንደ ሆነ ስጠይቀው ሣቀ። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ያንን ሰዓት ቆሞ ከሚያጠፋው ወርዶ ሌላ ሰው ቢያወጣ ይሻለዋል። ይህን የምጽፈው ለመንቀፍ አይደለም። እኛም ዘንድ ተሳላሚውን የሚያበላ፣ የሚያስተኛ፣ ሻንጣውን የሚሸከም፣ ግን በቅዳሴው ሰዓት በማጀት የሚቀር ሰው አለና።

በቅሎዎቹን ግን በመልካም ላነሣቸው አልችልም፤ ማለት የሚነዷቸውን። በዚያ ዳገት ቀኑን ሙሉ ተመላልሰው፣ ጀርባቸው ቆስሎ፣ በድንጋዩ ላይ የሚንሸራተቱ እንስሳት አየሁ። የሞቱትም ከመንገዱ በታች ይታያሉ። ሰው ለነፍሱ ብሎ በሚወጣበት መንገድ እንስሳ እስኪወድቅ መገረፉ በየትኛውም እምነት የሚቀበሉት ነገር አይመስለኝም፤ የአገሩ ሰዎችም ራሳቸው በየዓመቱ የሚጮኹበት ጉዳይ ነው።

ስለ ምግብ ለሚያስብ፦ በዚያ ሸለቆ ሥጋም መጠጥም አይቀርብም፤ ሩዝና ምስር ወጥ በየዳሱ አለ። ረቡዕና ዓርብን ለሚጾም ሰው ምቹ ይመስላል፤ ነገር ግን ወተት የሌለበት ሻይ ለማግኘት የነበረብኝ ትግል ከዳገቱ አያንስም ነበር። ባለ ሻይ ቤቱ ወተቱን የከለከለኝ ሐኪም መስሎት አዘነልኝ።

ከመጨረሻው መታጠፊያ በኋላ ሸለቆው በድንገት ይሰፋል፤ በመጨረሻውም ግራጫ ድንጋይ ተነባብሮ የተሠራ፣ ከተራራው ፊት ትንሽ የሚመስል ቤት ይታያል። ግንባታው ጌጥ አያበዛም፤ በታላላቅ ጥርብ ድንጋዮች የቆመ ነው። በውስጡ የሚከበረው በሰው እጅ የተቀረጸ ምስል ሳይሆን ከመሬት ብቅ ያለ፣ ሦስት ማዕዘን የመሰለ አለት ነው፤ ተሳላሚዎቹ ቅቤ ይቀቡታል። ማለዳ ፀሐይ ከሸለቆው በፊት በረዶውን ትመታለች። ከላይ ያለው ጫፍ መጀመሪያ እንደ ፍም ይቀላል፣ ቀጥሎ እንደ ወርቅ ይሆናል፣ ከዚያ ዓይን የማይችለው ነጭ ይሆናል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ እኛ የቆምንበት ሜዳ ገና በጨለማና በውርጭ ውስጥ ነው። ያን ያየ ሰው ዳዊትን መድገም ይጀምራል። እኔም ጀመርሁ፤ ተራራውን የፈጠረው አንድ ነውና፣ በሌሎች ደጃፍ ላይ ቆሜ ማመስገኔ አላሳፈረኝም።

ወደ ውስጥ ግን አልገባሁም። የከለከለኝ ሰው አልነበረም፤ የከለከለኝ ዲቁናዬ ነው። እዚያ መግባት ማለት ተሰልፎ፣ አበባና ቅቤ ይዞ፣ ሰግዶ መውጣት ነው፤ ለመመልከት ብቻ የሚገባ ሰው የሚሰግዱትን ከማወክ በቀር ትርፍ የለውም። ተራራ ለማየት ልሂድ ብሎ ለሚጠይቀኝ ክርስቲያን፣ ተራራውን እይ፣ ሕዝቡን አክብር፣ በአምልኮው ግን አትተባበር እለዋለሁ። አንድ ሽማግሌ ከሚስታቸው ጋር ቆመው፣ «ልጄ፣ ለምን አትሰለፍም?» አሉኝ። ክርስቲያን መሆኔን፣ የማመልከውም በሌላ ደጅ መሆኑን ነገርኋቸው። ጥቂት አስበው፣ «እንግዲያስ ጫማችንን ጠብቅልን» ብለው ሁለት ጥንድ ጫማ ከእግሬ አጠገብ አስቀመጡ። ይህን ያዩ ሌሎችም አስቀመጡ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሜ የሠላሳ ሰው ጫማ ስጠብቅ አረፈድሁ። ሲመለሱ ከቤቱ የወጣውን ጣፋጭ ሰጡኝ።

ስለዚህ የእኅታችንን ጥያቄ እኔም ተጠይቄዋለሁ። ፕራሳድ ይሉታል፤ ለአምላካቸው ቀርቦ ለሕዝቡ የሚመለስ ምግብ ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ፣ በ8ኛውና በ10ኛው ምዕራፍ፣ ነገሩን በሚገባ አይቶታል። በገበያ የተሸጠውን፣ በሰው ማዕድ የቀረበውን፣ ሳትመረምር ብላ ይላል፤ ሰውየው ግን «ይህ የተሠዋ ነው» ብሎ ከነገረህ፣ ስለ ነገረህ ሰው ሕሊና ስትል ተወው ይላል። የጣፋጩ ስኳር ርኩስ ስለሆነ አይደለም። የሚሰጥህ ሰው በመብላትህ ውስጥ ትርጉም ስላለው ነው፤ ብትበላ አብረኸው ያመለክህ ይመስለዋል። እንግዲህ አትብሉ እላለሁ። ግን እንዴት? አንዳንድ ሰው ጀርባውን ዞሮ ቆሻሻ ውስጥ ይጥለዋል፤ ይህ ሁለት ጊዜ መበደል ነው፤ ለወዳጁም ይዋሻል፣ የእናቷንም ድካም ይንቃል። ሌላው ደግሞ ፊቱን አጥቁሮ፣ እንደ መርዝ እጁን ያርቃል። እኔ ለሽማግሌው በሁለት እጄ ተቀብዬ፣ ግንባሬን ዝቅ አድርጌ አመስግኜ፣ በሥርዓታችን በሌላ ደጅ የቀረበውን እንደማንበላ ነግሬ መለስሁላቸው። አልተቀየሙም። «ሃይማኖትህን ጠብቅ» አሉኝና ከከረጢታቸው ከሱቅ የተገዛ ብስኩት አውጥተው ሰጡኝ፤ እርሱን በላሁ። ለእኅታችንም፦ መልሺላት፣ ነገር ግን ከመመለስሽ በፊት እናቷ ዳገቱን እንዴት እንደ ወጡ ጠይቂያት አልኋት።

አንድ ነገር ልጨምር። ያቺ ህንዳዊት ከኢየሩሳሌም የመጣ ሻማ ቢሰጧት በደስታ ተቀብላ ከአማልክቷ ሥዕል አጠገብ ታበራዋለች። ብዙዎቻችን ይህን አይተን «እነርሱ ከእኛ ይልቅ ልበ ሰፊ ናቸው» እንላለን፣ ወይም «ሁሉም መንገድ አንድ ነው» ወደሚለው እንንሸራተታለን። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በእነርሱ ዘንድ በብዙዎች ላይ አንድ መጨመር አይከብድም፤ በእኛ ዘንድ ግን እምነቱ ራሱ «አንድ ብቻ» በሚለው ላይ የቆመ ነው። ሁለቱን እምነቶች የሚለየው የልብ ስፋትና ጥበት ሳይሆን ስለ እግዚአብሔር የሚያምኑት ነገር ነው። ይህን በግልጽ የሚያውቅ ሰው ጎረቤቱን ሳይፈራ መውደድ ይችላል።

እዚያ ላይ ምን አለ ለሚለው፣ የእነርሱ ትውፊት እንዲህ ይላል። በማሃባራታ በተጻፈው ታላቅ ጦርነት አምስቱ የፓንዳቫ ወንድማማቾች የአጎታቸውን ልጆች፣ መምህሮቻቸውንና ዘመዶቻቸውን ገድለው ድል አደረጉ። ከድሉ በኋላ ግን የወገን ደም አላስተኛቸው አለ። ይቅርታ ሊለምኑ ሺቫን ፈለጉት፤ እርሱ ግን ሊያያቸው አልወደደምና ሸሸ፤ በጉፕትካሺም ተሰወረ፤ የከተማይቱ ስም «የተሰወረችው ካሺ» ማለት ነው። በኋላም የበሬ መልክ ይዞ ከመንጋ ተቀላቀለ። ቢማ የተባለው ኃይለኛው ወንድም አውቆ ሊይዘው ሲል በሬው ወደ መሬት ሰጠመ፤ ሻኛው ብቻ በኬዳርናት ቀረ፤ ሌላው አካሉ በቱንግናት፣ በሩድራናት፣ በማድያማሄሽዋርና በካልፔሽዋር ታየ ይላሉ። ቱንግናት 3,680 ሜትር ላይ ስለሆነ ከኬዳርናትም ይበልጣል፤ ከእርሱ በላይ ካለው ከቻንድራሺላ ጫፍ ናንዳ ዴቪንና ቻውካምባን ጨምሮ የበረዶ ተራሮቹ በሰልፍ ይታያሉ።

ይህን ትውፊት እንደ እምነት አልቀበለውም። ነገር ግን ያ ሁሉ ሕዝብ የሚወጣበት ተራራ መሠረቱ የወንድም ደም ያፈሰሱ አሸናፊዎች ጭንቀት መሆኑን ስሰማ ዝም አልሁ። ድል ያደረገ ሰው ይቅርታ ሊለምን ሲሄድ፣ የሚለምነው ፊቱን ሲሰውርበት! እኛ ይቅርታ የት እንደሚገኝ እናውቃለን፤ የተሰጠበትም ስፍራ ከዚህ ከምንኖርበት በእግር የደቂቃዎች መንገድ ነው። በእነዚህ ዓመታት ከአገራችን የሚመጣውን ወሬ እየሰማን፣ ወገኑን ገድሎ እንቅልፍ ያጣ ሰው ስንት አለን ብዬ ግን እጠይቃለሁ።

ለነዋሪ አባቶች ደግሞ ሌላ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ኬዳርናት በሰሜን ጫፍ ሲሆን፣ ራዋል ተብሎ የሚጠራው የካህናቱ አለቃ የሚመጣው ከደቡብ፣ ከካርናታካ ከሚገኙት ከቪራሻይቫዎች ወገን ነው። የጎረቤቱ የባድሪናት አለቃም ከኬረላ ከናምቡዲሪ ብራህማኖች ይመረጣል። ትውፊታቸው ይህን ሥርዓት በኬረላ ተወልዶ በ32 ዓመቱ በኬዳርናት ዐረፈ ከሚሉት ከመምህራቸው ከሻንካራ ጋር ያያይዘዋል። ቋንቋው ሌላ፣ ምግቡ ሌላ፣ ብርዱ ያልለመደው ሰው ከአገሩ ሺሕ ኪሎ ሜትሮች ርቆ የአንድን ደጃፍ ቁልፍ ይጠብቃል። በዴር ሡልጣን ጣሪያ ላይ በክረምት ውርጭ ለጸሎት የሚነሡ አባቶቻችን ይህን ኑሮ ማስረዳት አያሻቸውም።

አሁን መንገዱ ለምን እንደ ረዘመ ልናገር። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. በዚያ ሸለቆ ከባድ ዝናም ወረደ። በማግሥቱ ማለዳ ከአምልኮው ቤት በላይ ያለው የቾራባሪ ሐይቅ ያገደውን የድንጋይ ክምር ሰብሮ ወረደ። (ከማሃትማ ጋንዲ አመድ ከፊሉ የተበተነበት ሐይቅ ይህ ነው፤ የጋንዲ ሐይቅም ይሉታል።) ውኃው፣ ጭቃውና ድንጋዩ በደቂቃዎች ከተማይቱን ጠራረጋት። በመንገዱ እኩሌታ ላይ የነበረችው ራምባራ የምትባል መንደር ፈጽማ ጠፋች፤ የእግር መንገዱም ወደ ወንዙ ማዶ ዞረ። በመላው ግዛት የሞቱትና የጠፉት ከ5,000 በላይ ናቸው፤ ብዙዎቹ ተሳላሚዎች ነበሩ። የሻንካራ መቃብር ነው የሚባለው ስፍራም ተወሰደ። የአምልኮው ቤት ግን ቆመ። ከጎርፉ ጋር የመጣ አንድ ግዙፍ ድንጋይ ከቤቱ ጀርባ ጥቂት ርቆ ቆሞ ውኃውን ለሁለት ከፍሎታል። ዛሬ ድንጋዩ «የቢማ ድንጋይ» ተብሎ ራሱ ይከበራል። አምልኮው ከ86 ቀናት በኋላ የቀጠለው በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን 2006 ዓ.ም. ነበር።

እኔ የሄድሁት ከዚያ ጥቂት ዓመታት በኋላ ስለሆነ የፈረሱ ቤቶች ገና እስከ መስኮታቸው በድንጋይ ተሞልተው ይታዩ ነበር። ብዙዎች ድንጋዩን እያሳዩ ስለ ተአምር ነገሩኝ። አንድ የአገሩ ሰው ግን፣ ቤቱ የዳነው የጥንት ሰዎች የት እንደሚሠራ ስላወቁ ነው፤ የሞትነው ከእነርሱ በኋላ በወንዙ አፍ ላይ ሆቴል የሠራነው ነን አለኝ። ዝናሙን ሰው አላወረደውም፤ በውኃው መንገድ ላይ ማደሪያ የሠራው ግን ሰው ነው፤ ስለዚህ ንግግሩ ትክክል ይመስለኛል። ተሳላሚ ሲበዛ አልጋ ይጨመራል፣ አልጋ ሲጨመር ተሳላሚ ይበዛል፤ ተራራው የሚችለውን የሚቈጥር የለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 ወቅት ብቻ ከ15 መቶ ሺሕ በላይ ሰው ወጥቷል፤ ያውም በስድስት ወር ውስጥ። በዚያው ወቅት፣ ጥቅምት 8 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከኬዳርናት ተሳላሚዎችን ይዞ የተነሣ ሄሊኮፕተር በጉም ውስጥ ተከስክሶ አብራሪውን ጨምሮ ሰባት ሰዎች ሞተዋል።

በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የህንድ መንግሥት ከሶንፕራያግ እስከ ኬዳርናት 12.9 ኪሎ ሜትር የገመድ ላይ መጓጓዣ እንዲሠራ ፈቅዷል፤ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት የሚፈጀውን መንገድ ወደ 36 ደቂቃ ያሳጥራል ተብሏል። ስለዚህ ነገር አሳቤ የተከፈለ ነው። በቅሎዎቹ ያርፋሉ፤ በቅርጫት የወጣችው አረጋዊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ትወጣለች፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በ36 ደቂቃ ከሜዳ ወደ 3,583 ሜትር የሚወጣ ሳንባ ምን ይሆናል? የኔፓሉ ተሸካሚስ ምን ይበላል? ያ ጠባብ ሸለቆስ በየሰዓቱ የሚወርድበትን ሕዝብ የት ያሳርፈዋል? በእግር የሚወጣ ሰው ቢያንስ ዳገቱ ራሱ ይመጥነው ነበር። ሐኪም «አትውጡ» ላላቸው አረጋውያን መቀመጫ ማዘጋጀት አንድ ነገር ነው፤ ለሁሉም ማቅለል ሌላ ነገር ነው። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ብቻ እፈቅድ ነበር።

ወቅቱ የሚያበቃው ዲዋሊ ከሚባለው በዓላቸው በኋላ፣ በጥቅምት ወይም በኅዳር መጀመሪያ ነው። የማለዳው ሥርዓት ተፈጽሞ ደጃፉ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ሸለቆው የበረዶ ነው። ምልክት የሆነው ምስል በአበባ ባጌጠ ቃሬዛ ላይ ሆኖ፣ የወታደር ሙዚቀኞች እየመሩት፣ ሕዝቡ እየተከተለው በእግር ይወርዳል። በመንገድ ሁለት ሌሊት አድሮ በሦስተኛው ቀን ኡኪማት ወደሚገኘው የክረምት ማደሪያው ይገባል። በየመንደሩ ሴቶች ደጃቸውን ጠርገው፣ እህል ይዘው ይጠብቁታል፤ ወደ ተራራው መውጣት ያልቻሉ ሽማግሌዎች በዚያ ቀን የሚሳለሙት ከደጃቸው ሳይርቁ ነው። ሄሊኮፕተርም መኪናም ባለበት ዘመን ይህን ጉዞ እስከ ዛሬ በትከሻ ነው የሚያደርጉት። ደጃፉ በፀደይ የሚከፈትበት ቀን በሺቫራትሪ በዓል ዕለት በኡኪማት ይታወጃል፤ ቃሬዛውም በዚያው መንገድ፣ በዚያው ትከሻ ተመልሶ ይወጣል።

በሚቀጥለው ዕትም ወደ ራሳችን ተመልሰን ስለ ደብረ ዳሞ ገመድና ስለሚጠብቁት አባቶች እንጽፋለን። ገመዱን ይዛችሁ የወጣችሁ ምእመናን የምታስታውሱትን በጽሑፍም በቃልም በእንግዳ መቀበያው በኩል ብታደርሱን በጽሑፉ ውስጥ እናካትተዋለን።